አንድ ክፍል፣ ሦስት መኝታ



ስለ ልጆች አስተዳደግ ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ቁርኣን ትምህርታቸው፣ ስለ ሶላታቸው፣ ስለ ጓደኞቻቸውና ስለ ትምህርት ቤት ውጤታቸው ነው። ልጆቻችን ከሃያ አራቱ ሰዓት ዘጠኙን ወይም አሥሩን ስለሚያሳልፉበት መኝታ ግን «ተኙ!» ከማለት ያለፈ ብዙም አንናገርም። እኛም እስካለፈው ዓመት ድረስ ከዚህ የተለየን አልነበርንም። ዛሬ ርዕሱን ያነሳነው ዐዋቂዎች ስለሆንን ሳይሆን ተሳስተን ስለተማርንበት ነውና ነገሩን ከራሳችን ቤት እንጀምራለን።

የምንኖረው በከምባታ ዞን፣ በቃጫ ቢራ ወረዳ፣ በሺንሺቾ ከተማ ነው። ቤታችን በእንጨትና በጭቃ የተሠራ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። አንደኛው ክፍል ሳሎንም የእኛ መኝታም ሆኖ ያገለግላል፤ ሁለተኛው የልጆች ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ በአንድ ሜትር ከሃያ አልጋ ላይ ሦስት ልጆች ይተኙ ነበር። የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጃችን በግርጌ፣ የሰባትና የአራት ዓመት ወንድሞቿ ደግሞ በራስጌ ይተኛሉ። «ተቃቅፈው ሲተኙ እንዴት ያምራሉ!» እያልን በመብራት አይተናቸው የምንወጣበት ምሽት ብዙ ነበር።

አንድ ቀን የመካከለኛው ልጃችን መምህር አስጠሩን። ልጁ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ዴስኩ ላይ ተደፍቶ እንደሚያንቀላፋ፣ ሲቀሰቅሱትም እንደሚያለቅስ ነገሩን። እኛ በበኩላችን ከዚያ በፊት ለሳምንታት ሌላ ችግር ገጥሞን ነበር። ፍራሹ በየሌሊቱ ይረጥባል። ወንዶቹ ሁለቱም ረጥበው ይነሳሉ፤ ነገር ግን ስፖንጁ ባንድ በኩል ጎድጉዶ ስለነበር እርጥበቱ የሚጠራቀመው በሰባት ዓመቱ ልጅ በኩል ነው። እኛም ይህንኑ አይተን ፈረድን። «አንተ ትልቁ ልጅ!» እያልን ተቆጣነው፤ እንግዳ ባለበት ሳይቀር አነሳንበት፤ አንድ ጠዋትም መታነው።

የግማሽ ዓመት ዕረፍት ሲደርስ ሁለቱ ትልልቆች ገጠር አያታቸው ዘንድ ሄዱ። ትንሹ ብቻውን አልጋው ላይ ቀረ። በመጀመሪያው ሌሊት ፍራሹ ረጠበ፤ በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም እንዲሁ። አያታቸው ልጆቹን ይዘው ሲመጡ ስለ መካከለኛው ጠየቅናቸው። መኝታው አንድ ቀን እንኳ እንዳልረጠበና ፀሐይ እስኪሞቅ ድረስ እንደሚተኛ ነገሩን። ልጁን ለብቻው ጠርተን «ታዲያ አንተ እንዳልሆንክ ለምን አልነገርከንም?» አልነው። «እኔ መስሎኝ ነበር። እናንተ እኔ ነኝ ስላላችሁ» አለን። ቀጥሎም በእንቅልፉ እንዳያመልጠው ብሎ ዓይኑን ገልጦ ለመቆየት ይሞክር እንደነበር አጫወተን። መምህሩ ያዩት እንቅልፍ ከየት እንደመጣ ያን ጊዜ ገባን። ዐፍው እንዲለን ጠየቅነው፤ እሱም ወዲያው ኳሱን ይዞ ወጣ።

አቡ ዳውድ በዘገቡት ታዋቂ ሐዲሥ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ወላጆችን ሦስት ነገር አዘዋል። ልጆችን በሰባት ዓመታቸው በሶላት ማዘዝ፣ አሥር ዓመት ሲሞላቸው ሶላትን በመተዋቸው መቅጣት፣ መኝታቸውንም መለያየት። ይህን ሐዲሥ በመስጊድ የሰማን፣ ለሰውም የነገርን ብዙዎች ነን። ነገር ግን እስቲ እንጠያየቅ፤ ከሦስቱ የትኞቹን ነው የምናስታውሰው? ሰባትን እናስታውሳለን፤ አሥርንና አለንጋውን ደግሞ ከሁሉ በላይ እናስታውሳለን። ሦስተኛው፣ የመኝታው ነገር፣ እንደ ተጨማሪ ቃል ተቆጥሮ ያልፋል። እኛ ይህን ጥለን ብቻ አላበቃንም። ሶላትን ለሚያህል ታላቅ ጉዳይ እንኳ ከአሥር ዓመት በፊት ቅጣት ያልተባለበትን ልጅ፣ ተኝቶ ሳለ ለሚሆን፣ ያውም ላልሠራው ነገር በሰባት ዓመቱ መታነው።

መኝታ ለመለየት ያልቻልንበትን ምክንያት ብትጠይቁን መልሳችን ዝግጁ ነበር። «ቤት ስናሰፋ፣ ኢንሻአላህ» እንል ነበር። ይህን መልስ ከብዙ ቤተሰብም ሰምተነዋል። ሆኖም ሐዲሡ የሚናገረው ስለ መኝታ እንጂ ስለ ክፍል አይደለም። ለየልጁ ክፍል የሚሰጥ ቤት በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን በመዲናም ብዙ አልነበረም። አያታቸውም ይህንኑ በሌላ መንገድ ነገሩን። እሳቸው ያደጉበት ትልቅ የሣር ቤት ሰውንም ከብትንም በአንድ ጣሪያ ሥር ያሳድር ነበር፤ ነገር ግን ከፍ ያለ ልጅ ሁሉ የየራሱ ቁርበትና የየራሱ መደረቢያ ነበረው። ቆርቆሮና አልጋ ሲመጣ ልጆቹን አንድ ላይ የደረደርናቸው እኛው ነን።

ስለዚህ ክፍል ሳንጨምር ሦስት መኝታ አዘጋጀን። የነበረው አልጋ ለልጃችን ተሰጠ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሽቦ ወጥረን ወፍራም መጋረጃ ሰቀልንላት። ለወንዶቹ አናጺ ጠርተን ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ የሚሉ ሁለት የጣውላ መደቦች አሠራን፤ የመሬቱ ቅዝቃዜና እርጥበት ወደ ፍራሹ እንዳይወጣ ነው። ስፖንጁን ለሁለት ቆርጠን አንዱን ለመካከለኛው፣ ሌላውን በላስቲክ ሸፍነን ለትንሹ አደረግን። ጣውላ የማይችል ሰው ሁለት ሰሌን አነባብሮ በላዩ ብርድ ልብስ ቢያነጥፍም ይሆናል። እኛ ግን አንዲት ነገር እንዳትቀር እንመክራለን፤ ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ መደረቢያ ይኑረው። በአንድ ብርድ ልብስ ሦስት ልጅ ሲተኛ አንዱ ሲገላበጥ ሁለቱ ይገለጣሉ። በደጋና በወይና ደጋ ብርድ ደግሞ የተገለጠ ልጅ ሌሊቱን በሙሉ እንቅልፉ ይቆራረጣል። ጋቢ ለሁለት ቢቀደድ አያሳፍርም።

ተደራራቢ አልጋ የሚያሠሩ ቤተሰቦችም አሉ። ቦታ ይቆጥባል፤ ግን ከስድስት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ላይኛው ላይ አይተኛ፤ ለላይኛውም መውደቂያ የማይሰጥ መከላከያ ይደረግለት።

ስለ ሴት ልጃችን ጥቂት እንበል። ለወራት ያህል በየሳምንቱ መጨረሻ «አያቴ ዘንድ ልደር» ትለን ነበር። እኛም ቤቷን የጠላች መስሎን አዝነን ነበር። መጋረጃው ከተሰቀለ በኋላ ጥያቄው ቆመ። ልብሷን የምትቀይርበት፣ ፀጉሯን የምትፈታበት፣ ደብተሯን ዘርግታ ሰው የማያይባት ቦታ ነበር የፈለገችው። ዕድሜዋ አሥርን ካለፈ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ በሐዲሡ የተቆረጠውን ቀን አሳልፈናል ማለት ነው። ሱረቱ ኑር ልጆች ሳይቀሩ ከፈጅር ሶላት በፊት፣ በቀትር ዕረፍት ጊዜና ከዒሻ በኋላ ሳያስፈቅዱ ወደ ትልልቆች እንዳይገቡ ታስተምራለች። ይህን የምናስተምራቸው ወደ እኛ መኝታ እንዳይገቡ ብቻ ነበር። ለእርሷም መጋረጃ እንደሚሠራ አላሰብንም።

ሌላም ያልጠበቅነው ነገር ወጣ። ለሁሉም የእንቅልፍ ሰዓታቸውን ስንቆጥር ከሦስቱ ትንሹን የምትተኛው እርሷ ሆና ተገኘች። ወንዶቹ ተኝተው እርሷ ዕቃ ታጥባለች፤ ወንዶቹ ሳይነሱ ውኃ ትቀዳለች፣ ቤት ትጠርጋለች። የቤት ሥራዋን የምትሠራው በዚህ መካከል ነው። ይህ በእኛ ቤት ብቻ ያለ ነገር እንዳልሆነ እናውቃለን። አሁን ማታ ዕቃ የሚያጥበው አባት ነው፤ የሰባት ዓመቱ ልጅም ያደርቃል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቤተሰባቸውን በቤት ውስጥ ሥራ ያግዙ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) አስተላልፈዋልና የሚያፍር ካለ ይህን ያስታውስ።

ለመሆኑ ልጅ ስንት ሰዓት መተኛት አለበት? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ የሦስትና የአራት ዓመት ልጆች በቀን ውስጥ የሚያሸልቡትን ጨምሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንዲተኙ ይመክራል። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ላሉ ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከአሥራ ሦስት እስከ አሥራ ስምንት ላሉ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ብሏል። በዚህ ስሌት ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የሚነሳ የሰባት ዓመት ልጅ ማታ ከ3 ሰዓት በፊት እንቅልፍ ሊወስደው ይገባል። «ከእኛ ጋር ዜና አይቶ» የሚተኛ ልጅ ይህን አያገኝም።

እዚህ ላይ በአንድ ክፍል የሚተኙ ልጆች ያላቸው ወላጆች ሁሉ የሚሠሩትን ስህተት እኛም ሠርተናል። ሦስቱንም በአንድ ሰዓት ነበር የምናስተኛቸው። «በአንድ ጊዜ እንገላገል» ብለን ነው። ውጤቱ ግን መገላገል አልነበረም። ትንሹ ይስቃል፣ መካከለኛው ያስቀዋል፣ ትልቋ ትቆጣለች፤ እኛም ከሳሎን «ዝም በሉ!» እያልን አንድ ሰዓት ያልፋል። አሁን በተራ አደረግነው፤ የተራውን ሰዓትም ያገኘነው ከሶላት ነው።

ሺንሺቾ ከምድር ወገብ እምብዛም ስለማትርቅ የቀኑ ርዝመት ከክረምት እስከ በጋ የሚለያየው አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ነው። መግሪብ ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላና ከ1 ሰዓት በፊት ይገባል። ረጅም የበጋ ምሽት ያለባቸው አገሮች ፀሐይ ሳትጠልቅ ልጆችን ለማስተኛት መስኮት በጨለማ መጋረጃ ይሸፍናሉ። እኛ አላህ ከዚህ ችግር አሳርፎናል። በቡኻሪ በተዘገበ ሐዲሥ ምሽት ሲጀምር ልጆችን ከውጭ እንድንሰበስብ ታዘናል። ይህን ስናደርግ የልጁ ሰውነት ከሩጫ ወደ ዕረፍት ለመመለስ ጊዜ ያገኛል። ከመግሪብ በኋላ እራት ይበላል፤ ትንሹ ልጅ እግሩን ታጥቦ፣ ሽንት ቤት ደርሶ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ይተኛል። ክፍሉ ያን ጊዜ የእርሱ ብቻ ነው፤ የሚያስቀው ሰው የለም።

«ከዒሻ በፊት መተኛት የተጠላ አይደለም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከዒሻ በፊት መተኛትንና ከዒሻ በኋላ ወሬ ማብዛትን ይጠሉ እንደነበር ተዘግቧል። ይህ ግን ሶላት ያለበትን ሰው የሚመለከት ነው። በሌላ ሐዲሥ አንድ ምሽት ዒሻን ሲያዘገዩ ዑመር (ረ.ዐ.) ሴቶችና ልጆች እንቅልፍ እንደወሰዳቸው ነግረዋቸዋል። የአራት ዓመት ልጅ ቢተኛ አይወቀስም። የሰባት ዓመቱ ግን አባቱን ተከትሎ ዒሻን ይሰግድና ከ2 ሰዓት ተኩል በፊት ይተኛል። ሲገባ በእግር ጣቱ እየተራመደ ነው፤ ትንሹን ያለመቀስቀስ ኃላፊነት የእርሱ መሆኑን ነግረነዋል፤ በዚህም ይኮራል። ትልቋ እስከ 3 ሰዓት ሳሎን አጥንታ ትገባለች። ልብሷንና የማግስቱን ደብተር ቀድማ አዘጋጅታ ስለምታስቀምጥ በጨለማ አትፈልግም።

በመጀመሪያው ሳምንት ነገሩ እንዲህ የተስተካከለ እንዳይመስላችሁ። ትንሹ አለቀሰ፤ «ብቻዬን አልተኛም» ብሎ መጋረጃውን ይዞ ቆመ። ከእናቱ አንዷ እጅ ግንባሩ ላይ ሆና ሦስቱን ቁል (ኢኽላስ፣ ፈለቅ፣ ናስ) እንድትቀራበት አደረግን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመኝታቸው እነዚህን ቀርተው በመዳፋቸው ላይ እፍ በማለት ሰውነታቸውን ያብሱ እንደነበር ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ዘግበዋል። ፍራሹን ከመተኛታችን በፊት ማራገፍም ሱንና ነው። ትንሹ ይህችን ማራገፍ ወደዳት፤ በየምሽቱ ሦስት ጊዜ በፎጣ ይመታል። በየቀኑ በተመሳሳይ ቅደም ተከተል የሚደረግ ነገር ልጅን ወደ እንቅልፍ እንደሚያመጣው የሕፃናት ሐኪሞችም ይናገራሉ፤ መታጠብ፣ ማራገፍ፣ መቅራት፣ መብራት ማጥፋት። ቅደም ተከተሉ ከተዘበራረቀ ትንሹ ራሱ «ገና አላራገፍንም!» ይላል።

የድምፅ ነገር አስቸግሮናል። ክፍሎቹን የሚለየው ግድግዳ ጣሪያ ድረስ ስለማይደርስና ኮርኒስ ስለሌለ ሳሎን የተነገረው ሁሉ ልጆቹ ጆሮ ይደርሳል። የክረምት ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አይነቁም፤ አንድ ዓይነት ድምፅ ነውና። የሚቀሰቅሳቸው የቴሌቪዥኑ ድንገተኛ ጩኸትና የእኛ ሳቅ ነው። ከግድግዳው በላይ ያለውን ክፍተት በማዳበሪያ ጆንያና በጨርቅ ደፈንን። መልኩ አያምርም፤ ግን ሠርቷል። ቴሌቪዥኑም ከ2 ሰዓት በኋላ ይዘጋል። ለዚህ ከቤተሰቡ የበለጠ የተቸገረው አባት ነው።

ቡናም አለ። በአካባቢያችን የምሽት ቡና የቤት ፍቅር ነው፤ ለልጅም «ትንሽ ቅመስ» ተብሎ ከወተት ጋር ይሰጣል። ቡና ውስጥ ካለው ካፌይን ግማሹ ከአንድ ትልቅ ሰው ሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ማታ 1 ሰዓት ላይ የቀመሰ ልጅ እኩለ ሌሊት ላይም አልጨረሰውም። ሻይም ከዚሁ ወገን ነው። ልጁ ከቡናው ጭስ አጠገብ ይቀመጥ፤ ስኒውን ግን ለማግስት ጠዋት ለሚሄድ እንግዳ እንኳ አንስጥለት፤ ቆሎው ይበቃዋል።

ከሆሳዕና እስከ ዱራሜና እስከ እኛ ከተማ ድረስ ባሉ ቤቶች ሌላ ትልቅ ጉዳይ አለ። አባቱ ወይም ታላቅ ወንድሙ ደቡብ አፍሪካ ያለ ልጅ ብዙ ነው። አባት ሱቁን ዘግቶ ሲደውል እርሱ ዘንድ ከምሽቱ 2 ሰዓት ይሆናል፤ እኛ ዘንድ 3 ሰዓት ነው። የተኙ ልጆች ይቀሰቀሳሉ፣ ስልኩ ከእጅ እጅ ይዞራል፣ ፊቱን በመስታወቱ ያያሉ፣ ከዚያ ማን ይተኛል? አንዷ ጎረቤታችን እንዲህ ያለው ምሽት ካለፈ በኋላ ትንሿ ልጃቸው እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ስታለቅስ እንደምትቆይ አጫውተውናል። አባትን ከልጆቹ አትለዩ ማለታችን አይደለም፤ ይህን የሚል ሰው የስደትን ነገር አያውቅም። እኒያ እናት ያገኙት መላ ግን ጥሩ ሆኖ ስላየነው እንነግራችኋለን። አባት ቀን በድምፅ መልእክት ቀድተው ይልካሉ፤ «ዛሬ ምን ሠራችሁ? ደህና እደሩ» ይላሉ፤ አያተል ኩርሲይንም ይቀራሉ። ልጆቹ ሊተኙ ሲሉ ይህ ይከፈትላቸዋል። ፊት ለፊት የሚያወሩት ግን ዓርብ ከዐስር በኋላ ነው። ሥራቸውን ለዚያች ሰዓት ለሰው አደራ ሰጥተው ይደውላሉ።

አሁን ወደ አደጋው እንምጣ፤ ይህን ክፍል አንብባችሁ ለጎረቤት ብትነግሩ ደስ ይለናል። በብርድ ወራት የከሰል ምድጃ ወደ ልጆች መኝታ አስገብቶ በር መዝጋት አለ። ከሰል ሲጤስ ብቻ ሳይሆን ፍም ሆኖ ጭሱ ጠፍቶም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ያወጣል። አይሸትም፣ አይታይም፣ ዓይን አያቃጥልም። የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። በአንድ ክፍል ሦስት ልጅ ከተኛ ሦስቱም ናቸው። ክፍሉን ማሞቅ ከፈለጋችሁ ልጆቹ ከመግባታቸው በፊት አሙቁትና ምድጃውን ወደ ውጭ አውጡት፤ በርና መስኮት ከፍታችሁ አናፍሱት። ከዚያ መደረቢያ ጨምሩ። ኩራዝና ሻማም እንዲሁ ናቸው። ስንተኛ መብራታችንን እንድናጠፋ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ያዘዙት እሳት ቤት እንዳያቃጥል ነው። መብራት ኃይል ሲጠፋ በልጆች መጋረጃ ሥር ኩራዝ አስቀምጦ መተኛት ይህን ትእዛዝ መርሳት ነው። ጨለማ የሚፈራ ልጅ ካለ ትንሽ የፀሐይ ኃይል መብራት ከሩቅ ይብራለት።

ጨቅላ ሕፃን ያላችሁ ደግሞ ሕፃኑን ከወንድሞቹና ከእህቶቹ ጋር በአንድ አልጋ አታስተኙ። የተኛ ልጅ ክንዱ የት እንዳረፈ አያውቅም። ሕፃኑ በእናቱ ክፍል፣ በራሱ ጠንካራ ማንጠፊያ ላይ፣ በጀርባው ይተኛ።

ወባ ባለበት ቀበሌ የምትኖሩ «መኝታ ከለየን አጎበሩ ይበቃል ወይ?» ትሉ ይሆናል። አንድ አጎበር ለሁለት ሰው ተብሎ የሚታደል ስለሆነ የሁለት ልጆች መደብ ጎን ለጎን ቀርቦ በአንድ አጎበር ሥር ሊሆን ይችላል። መደረቢያቸው ይለይ እንጂ መደባቸው ቢቀራረብ ለትንንሾቹ ጉዳት የለውም። ማታ ማታ የሚያሳክካቸው ልጆች ካሉ ደግሞ እከክ ሊሆን ስለሚችል ወደ ጤና ኬላ ውሰዷቸው። አንዱን ብቻ አክሞ ሌላውን መተው ዋጋ የለውም። መድኃኒቱን ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይወስዳል፤ ልብሱና ማንጠፊያው ሁሉ ይታጠባል።

ስለ መኝታ ማርጠብ በመጨረሻ የምንለው አለን፤ ዕዳ አለብንና። የአራት ዓመት ልጅ ሌሊት ቢሸና በሽታ አይደለም። በሰባት ዓመታቸው እንኳ ከመቶ ልጆች ከአምስት እስከ አሥር የሚሆኑት ያረጥባሉ። ብዙውን ጊዜ በዘር የሚወረድ ነው፤ ከእኛ ከሁለታችን አንዱ እስከ ስምንት ዓመቱ ያረጥብ እንደነበር አያታቸው አስታወሱን፤ ስሙን አንጠቅስም። ልጁ ፈልጎ ወይም ሰንፎ የሚያደርገው አይደለም፤ ዱላም አያድነውም። ውኃ በቀን በደንብ ይጠጣ፤ ከመተኛቱ በፊት ሁለት ሰዓት ያህል ይቀንስ፤ ሊተኛ ሲል ሽንት ቤት ይድረስ። የረጠበውን ማንጠፊያ ከወንድሞቹ ፊት ሳይሆን ቀስ ብሎ ያንሱለት። ለስድስት ወር ያህል ደርቆ የነበረ ልጅ እንደገና ከጀመረ፣ ሲሸና የሚያመው ከሆነ ወይም ውኃ ጥም ከበዛበት ግን ለሐኪም ይታይ።

ለትምህርት ከገጠር መጥታችሁ በሺንሺቾ፣ በዱራሜ ወይም በሆሳዕና አንድ ክፍል ለሦስት ተከራይታችሁ የምትኖሩ ወጣቶችም ይህን ዓምድ እንደምታነቡ እናውቃለን። ለእናንተ የምንለው አጭር ነው፤ መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት ተስማሙ፤ ስልኩ ከትራስ ሥር ወጥቶ በሩ አጠገብ ይደር፤ መደረቢያም አትጋሩ። ሱብሒ ላይ ለመነሳት የሚበጀው ከመንቂያው ደወል ይልቅ የምሽቱ ስምምነት ነው።

በእኛ ቤት አሁን መምህሩ ስለ እንቅልፍ አያነሱብንም። ትንሹ ከሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ያረጥባል፤ ላስቲኩ ይታጠባል። አንዳንድ ሌሊት ተነስቶ ወደ ወንድሙ መደብ ይሄዳል። ሳንናገር ተሸክመን እንመልሰዋለን፤ በአንድ ሌሊት ሦስት ጊዜ የመለስነው ቀንም አለ። ቀን ቀን ደግሞ የእህቱ መጋረጃ ፊት ይቆምና «አሰላሙ ዐለይኩም፣ ልግባ?» ይላል። ሦስት ጊዜ ጠይቆ መልስ ካጣ እንዲመለስ አስተምረነው ነበር። እርሱ ግን አራተኛም አምስተኛም ይላል። ከውስጥ «እሺ ግባ፣ ግን እስከ መግሪብ ብቻ» ትለዋለች።